ለአይጦች የወቀጥሁት ጦስኝ

ያኔ አርባ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሙያ አለኝ ብዬ የምኮራበት ዕድሜ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሽሮና በርበሬ አሰናድቼ እሸጣለሁ። የእኔን ቅመም የቀመሰ ሌላ ቤት አይሄድም ይባላል። የምለው እኔው ነኝ፤ ቢሆንም ይባላል።

መተማ ቆላ ተወልዳ ያደገችው የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ትማር ነበር። ጥቅምት ላይ ደወለችልኝ።

«አክስቴ፣ የጮቄ ጦስኝ ፈልጊልኝ። አበባው ላይ እንዳለ የተለቀመ፣ ጥላ ላይ የደረቀ። የመመረቂያ ጽሑፌ ያለሱ አይሆንም።»

«ለሻይ ነው ለወጥ?»

«ለአይጥ!»

«የእኔ ቤት አይጦች ያለ ጦስኝም ሽሮዬን ጨርሰውታል፤ ያንቺዎቹ ምን ያማርጣቸዋል?» ብላት ስቃ ስቃ አስረዳችኝ። ተራራ አናት ላይ አየሩ ይሳሳል፤ አንጎል ደግሞ ኦክስጅን ሲያጥረው ይጎዳል። እንደ ጦስኝ ባሉ ተክሎች ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ያንን ጉዳት ያቀልሉ ይሆናል የሚል ሐሳብ አለ። እሷ አይጦቹን ከጦስኙ የወጣውን ጭማቂ ታጠጣና አየሩ የሳሳ ሳጥን ውስጥ ታስገባቸዋለች፤ ከዚያ አንጎላቸው ምን እንደሆነ ትመረምራለች። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረኝ ደስ ይለኛል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለጎረቤት ሁሉ ነገርሁ።

ጮቄ ተራራ ሥር የሚያርሰው ታላቅ ወንድሜ አንድ ከረጢት ሙሉ ላከልኝ። እንዳዘዘችኝ ጥላ ላይ አደረቅሁት። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ግን በእኛ ዘንድ ለዘመድ ያልተወቀጠ ቅመም መስጠት የሰነፍ ሴት ሥራ ነው። አመስ አደረግሁት፤ ሽታ እንዲኖረው በሶብላና ኮረሪማ ጨመርሁበት፤ ወቅጬና ነፍቼ በነጭ ጨርቅ ቋጠርሁላት።

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ ቋጠሮውን ፈታች፤ አሸተተች፤ አነጠሳት።

«አክስቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጦስኝሽ ነዋ! ትንሽ አሳመርሁት።»

«ኮረሪማ አለው እንዴ?»

«አንድ ሁለት ፍሬ...»

መደቡ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች፤ እንባዋ መጣ። የላቦራቶሪ ተራዋ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ካለፈ ለሌላ ተማሪ ይሰጣል፤ የጦስኝ አበባም ሊያልቅ ነው፤ ምርቃቷ ለከርሞ መተላለፉ ነው። መሬት ተከፍታ ከነሙቀጫዬ ብትውጠኝ በወደድሁ።

በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ወንድሜ ዘንድ ሄድን። ከእግር እስከ ራሷ አያትና «ይቺ የቆላ ልጅ ጮቄን ትችለዋለች?» አለ።

«እችለዋለሁ፣ ጋሼ!»

ሦስታችንም ሽቅብ ተጓዝን። ጅባራ የሚባለው የውርጭ ተክል ከሰው ቁመት በላይ ከሚቆምበት ስንደርስ ከንፈሯ ገረጣ፤ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች፤ አስመለሳት። ወንድሜ ከእግሩ ሥር ጦስኝ ቀንጥሶ ዘረጋላት።

«እንኪ፣ አኝኪው። እኛን እዚህ ያኖረን እሱ አይደል?»

በዚያ ሕመሟ ላይ ሳቀች። «ጋሼ፣ እሱ ገና አልተረጋገጠም። ገና አይጥ ላይ ነን። ለዚህ የሚሻለው መውረድ ነው።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? ውረጂ!»

«ከረጢቱ ባዶ ነው እኮ! መጀመሪያ ልልቀም።»

«የአይጥ አንጎል ስታድኚ የራስሽን ልትጥዪ ነው?» ብሎ ከረጢቱን ከእጇ ነጠቃት። እኔን ደግሞ «አንቺ ባለሙያ፣ ይዘሻት ውረጂ» አለኝ። ያን ቀን ሙያዬን ያነሳልኝ እሱ ብቻ ነው።

ደግፌ አወረድኋት። ዝቅ ባልን ቁጥር ፊቷ እየበራ መጣ፤ ወንድሜ ቤት ስንደርስ አንድ ሰሃን ድንች በልታ «ይጨመርልኝ» አለች። ዓይኗ ግን ከተራራው አልተነቀለም።

ከብቶቹ ሲገቡ ወንድሜ ከረጢቱን ተሸክሞ ደረሰ፤ አፉ ድረስ ሞልቶታል። ጎተራው አጠገብ፣ ፀሐይ በማይደርስበት፣ ንጹሕ ሰሌን አንጥፎ አበባውን ሳሳ አድርጎ በተነው። ላግዘው ጠጋ ስል «ሦስት ክንድ ራቂ!» አለኝ። የእህቴ ልጅ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ምን አደርጋለሁ፣ ራቅሁ። ያን የወቀጥሁትን በኋላ ሽሮ ውስጥ ጨምሬ ሸጥሁት፤ ምስጋናው እስከ ገና አላባራም።

እኛ ደብረ ማርቆስ ተመልሰን ስንጠብቅ ወንድሜ በየቀኑ ጠዋትና ማታ አበባውን አገላበጠው። በስድስተኛው ቀን ከረጢት ውስጥ ከትቶ አፉን ሰፋው፤ የተለቀመበትን ቦታና ቀን ለልጁ አስጽፎ አሰረበትና በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ገባ። በእኔ ቤት በኩል አላለፈም። በቀጥታ መናኸሪያ ሄዶ፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ውስጥ ለተቀመጠችው ለእህቴ ልጅ በእጇ ሰጣት።