ሰባት ቁጥርን በቃሬዛ ያስወጣሁ ቀን

ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ኳስ ያወራሁት በሌላ ሰው አፍ ነው። በምሠራበት የኤፍኤም ሬዲዮ የስፖርቱን ጽሑፍ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ፤ የሚያነበው ደግሞ አለቃዬ። እኔ «የተከላካይ መስመሩ ተኝቷል» ብዬ እጽፋለሁ፤ እሱ ድምፁን ወፈር አድርጎ «የተከላካይ መስመሩ ተኝቷል» ይላል። ከሥራ ስመለስ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ከምንኖርበት ሕንጻ ሥር ያለው ፀጉር አስተካካይ ይህንኑ ለደንበኛው ሲያስረዳ እደርሳለሁ። አንድ ቀን እኔንም አስቁሞ አስረዳኝ። በትዕግሥት ሰማሁት። አንድ ሁለት ቦታ ላይ የራሱን ነገር ጨምሮበት ስለነበር በሚቀጥለው ሳምንት ጽሑፌ ውስጥ አስገባሁት።

እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት የምትናገረው «ቢሮ ነው የምትሠራው» ብላ ነው። ሁለተኛ ለጠየቀ ብቻ ስፖርት መሆኑን ትነግረዋለች። ዜና ክፍል እንድዛወር ልደታ ማርያም በሄደች ቁጥር ትለምንልኛለች። እስካሁን መልስ አልመጣም።

እኔ የምፈልገው ግን አንድ ነገር ነበር፤ ጨዋታ በቀጥታ ማስተላለፍ። በእኛ ጣቢያ ሴት አስተላልፋ አታውቅም። የከለከለ ሰው የለም። ጉዳዩን ሳነሳ ግን ስብሰባ ላይ ያለው ሁሉ የግድግዳውን ሰዓት ማየት ይጀምራል።

አንድ ቅዳሜ መደበኛው አስተላላፊያችን ድምፁ ተዘግቶ መጣ። የወንድሙ ሠርግ ላይ ሲዘፍን ነበር። አለቃዬ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፤ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ዛሬ ከተሳካልሽ የቅዳሜው ጨዋታ የአንቺ ነው፣ ካልተሳካ ግን ወደ ወረቀትሽ ትመለሻለሽ፣ ይህንንም ወሬ ደግመን አናነሳውም አለኝ። ተስማማሁ። ካልተስማማሁም የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ምሥጢር ማውጣት አለብኝ። ስታዲየም አንሄድም። የሊጉ ክለቦች አንድ ከተማ ተሰብስበው ለሳምንታት እዚያው ይጫወታሉ፤ እኛ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን፣ ሜዳው ዳር ያለን መስለን እናወራለን። የደጋፊውን ጩኸት ቴክኒሻኑ ከኮምፒውተር ይለቃል። አድማጩም የራሱ አመል አለው። ምስሉን ከቴሌቪዥን እያየ ድምፁን ያጠፋና እኛን ይከፍታል። የቴሌቪዥኑ ወሬ ቀዝቃዛ ነው ይላል።

አለቃዬ ከመግባቴ በፊት የሰጠኝ ምክር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምስል ከተቋረጠ ኳሱን መሃል ሜዳ ላይ አቆዪው፤ እዚያ ማንም አይጎዳም። ሁለተኛ፣ ጎል ካመለጠሽ ምስሉ ሲመለስ እንደገና አስቆጥሪው። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኔ የማውቃቸው ሁሉ ያደርጉታል።

የመጀመሪያው ግማሽ ጥሩ ሄደልኝ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ወዲያ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ሁለተኛው ግማሽ በተጀመረ በአሥረኛው ደቂቃ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆነ።

በምክሩ መሠረት ኳሱን መሃል ሜዳ ላይ አቆየሁት። ስምንት ቁጥር ለስድስት ቁጥር፣ ስድስት ቁጥር መልሶ ለስምንት። የእጅ ውርወራ። ሌላ የእጅ ውርወራ፤ በዚያኛው በኩል። አራት ደቂቃ ሆነ። ሁለት ሰዎች ለአራት ደቂቃ ኳስ ሲቀባበሉ አሰልጣኛቸው ምን እንደሚላቸው አሰብኩና ጥፋት አስፈጸምኩ። ጥፋት ከተፈጸመ የወደቀ ሰው መኖር አለበት። ሰባት ቁጥርን ስሙን ጠርቼ ጣልኩት። ምስሉ አሁንም አልመጣም። ወጌሻ አስገባሁ። ወጌሻው ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ነበር፤ ሆን ብዬ ነው እንደዚያ ያደረግኩት። ጉልበቱን ነካካው፣ እጁን አንስቶ ቃሬዛ ጠየቀ። ምስሉ በጠፋ በሰባተኛው ደቂቃ ሰባት ቁጥር ፊቱን በማልያው ሸፍኖ በቃሬዛ ወጣ። በቦታው ሌላ ልጅ ቀይሬ አስገባሁ።

ምስሉ ተመለሰ። ውጤቱ አንድ ለባዶ ሆኗል። ሰባት ቁጥር የማዕዘኑ ባንዲራ ጋ ተንበርክኮ ጓደኞቹ ተከምረውበታል። ጎሉን ያገባው እሱ ነው።

በቃሬዛ የወጣ ሰው ጎል አያገባም። ስለዚህ ጎሉን እንደገና አስቆጠርኩትና ለዘጠኝ ቁጥር ሰጠሁት። በጣም ጮኼ ነው ያስቆጠርኩት። ቀሪውን ጊዜ ሰባት ቁጥር ኳስ በነካ ቁጥር ተቀይሮ ገባ ባልኩት ልጅ ስም ጠራሁት። የሚያሳዝነው፣ ሰባት ቁጥር በሕይወቱ የዚያን ቀን ያህል ጥሩ ተጫውቶ አያውቅም።

አለቃዬ ተደስቶ ጠበቀኝ። ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ቃሬዛው ግን ትንሽ በዝቷል፣ ሌላ ጊዜ በውርወራ ጨርሺው አለኝ። ቅዳሜም የእኔ ሆነ። ሰፈር ስደርስ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፄን አውቀውታል። አስተካካዩ ወሎ ተወልዶ ልደታ ያረጀ፣ ነገር በቀስታ የሚናገር ሰው ነው። «እህቴ፣ እኛ ሰባት ቁጥር ጎል ሲያገባ አይተናል። ወይ እኛ ወይ አንቺ የዓይን ሐኪም ጋ መሄድ አለብን» አለኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ቅዳሜ የእኔ ስለሆነ ያን ቀን ምንም አያናድደኝም ነበር።

ሰኞ ዕለት እዚያው በር ላይ አስቆመኝ። አሁን አይስቅም። የሰባት ቁጥር እናት አብነት ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፀጉሩን የሚያስተካክለው እሱ ነው። እናቱ ጨዋታ አያዩም፤ ልባቸው አይችልም። በሬዲዮ ብቻ ነው የሚከታተሉት። ከቅዳሜ ጀምሮ እህል አልቀመሱም አለኝ።

ልጁ አይደውልላቸውም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ልጁ በቀን ሦስት ጊዜ እየደወለ ደህና ነኝ ይላቸዋል። እሳቸው ግን አላመኑትም። እዚህ አገር መጥፎ ነገር የደረሰበት ሰው ለእናቱ በስልክ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ጎረቤቶች ሊያረጋጓቸው መጡ፤ ሰው ቤታቸው መሰብሰቡ ባሰባቸው፤ መርዶ ሲኖር ነዋ እንደዚያ የሚሰበሰበው። ጎሉን በስልክ አሳዩዋቸው፤ የዱሮ ነው አሉ። ልጁ በቪዲዮ ደውሎ እግሩን አሳያቸው። የሰው እግር ነው አሉ።

በማግስቱ ሄድኩ። ከአውራ መንገዱ ገባ ያለች፣ ከብረታ ብረት ቤት ጎን ያለች ትንሽ ግቢ ናት። እሳቸው በሩ አጠገብ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን የለበሱት እንደ ለቀስተኛ ነው። በቅዳሜው ጨዋታ በሬዲዮ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ልጅዎ አልወደቀም፣ ምስል ጠፍቶብኝ የፈጠርኩት ነው አልኳቸው። ለማንም እንደዚያ ብዬ አላውቅም። እጄን የማስቀምጥበት ቦታ ጠፋኝ።

እስክጨርስ ሰሙኝና፣ «ድምፅሽን አውቄዋለሁ። ማን ላከሽ?» አሉኝ።

ማንም አልላከኝም አልኩ።

«አባቱም ሐኪም ቤት ተኝቶ ደህና ነኝ ነበር የሚለኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩ። እውነት ከሆነ፣ ልጄ፣ እዚያው በተናገርሽበት ተናገሪው። ሬዲዮ ላይ ለእኔ ብሎ የሚደብቅ የለም።»

አፈርኩ። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላፈርኩም።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። ክለቡ ደብዳቤ ይጻፍላቸው፣ ወጌሻው ራሱ ይደውልላቸው አለ፤ እሱም ስኳርና ቡና ይዞ ሄዶ ሊጠይቃቸው ቃል ገባ። ሬዲዮ ላይ መናገሩን ግን ተወው አለኝ። «አንቺ አላየሁም ካልሽ፣ እኛም አላየንም ማለት ነው። ከተናገርሽ ማይኩን ትረሺዋለሽ።» ልክ ነበር። የምክንያቱ ልክ መሆን የበለጠ አናደደኝ።

ጀግና አይደለሁም። ሦስት ቀን አስቤበታለሁ። ክለቡ ከአምስት ሳምንት በኋላ ይመለሳል፣ ያኔ ዓይናቸው ያያል አልኩ። አንዲት እናት አምስት ሳምንት ሳትበላ እንደማትቆይና ሲርባት እንደምትበላም አሰብኩ። ጥፋቱን በቴክኒሻኑ ላይ የሚያላክክ ማስተካከያ ጽፌም ነበር፤ በጣም ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ስድስት ዓመት የጻፍኩት በከንቱ አይደለም። ዓርብ ዕለት ፀጉር አስተካካዩን ሴትየዋ በሉ ወይ አልኩት። ትንሽ በሶ ብቻ አለኝ።

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የቡድኖቹን አሰላለፍ ከማንበቤ በፊት ተናገርኩ። ያለፈው ቅዳሜ ሰባት ቁጥር አልተጎዳም፣ በቃሬዛ አልወጣም፣ ጎሉን ያገባው እሱ ነው፣ እኔ ምስል ተቋርጦብኝ አላየሁም ነበር፤ ለእናቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከአንድ ደቂቃ በታች ነው የፈጀው። ቴክኒሻኑ የደጋፊውን ጩኸት መልቀቅ ረሳ። ከመስታወቱ ወዲያ አለቃዬ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ሌላ ሰው ስለሌለ ጨዋታውን አስተላለፍኩ። ምስሉ አንዴም አልተቋረጠም።

ሰኞ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ። መደበኛው አስተላላፊ ድምፁ ድኗል። እኔ እጽፋለሁ፣ አለቃዬ ያነባል፣ ፀጉር አስተካካዩ ያስረዳል። አልቆጨኝም ብዬ አልዋሽም፤ ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር ይቆጨኛል፣ ተናድጄም ዕቃ አጥባለሁ። ዜና ክፍል መዛወሬ እንደማይቀር እናቴ ሙሉ ተስፋ አላት።

የሰባት ቁጥር እናት ይቅርታ በጠየቅኩ ማግስት፣ እሑድ ዕለት፣ ፀጉር አስተካካዩ መርቷቸው ቤታችን መጥተው ነበር። ያን ቅዳሜ ሬዲዮውን እንደሰሙ እራት በልተዋል። ለእግሩ መዳን ለልደታ ጃንጥላ ተስለው፣ ገዝተውትም ነበር። እግሩ እንዳልተሰበረ ካወቁ በኋላ እናቴ ስለቱ ይቀራል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አልተሰበረማ፣ ይሄ ይበልጣል ብለው አስገቡት።

ሬዲዮ መስማት ትተዋል። ልጃቸው የሚጫወት ዕለት፣ እኔ ሥራ ካልገባሁ፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው ይወጡና ሶፋው ላይ ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ድምፁን አጠፋለሁ። እኔ እያየሁ እነግራቸዋለሁ። የማስተላልፈው ለአንድ ሰው ነው፤ እናቴን ከቆጠርን ለሁለት፣ እሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምስር እየለቀመች ነው።

ባለፈው ጨዋታ ሰባት ቁጥር ከሩቅ የተላከ ኳስ ሊያገኝ ሲዘል ከተከላካይ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። እውነተኛ አወዳደቅ ነው። ድምፄን ለማስተካከል አፍታ ወሰድኩ። ዝምታዬ ገባቸው።

«ወደቀ?» አሉ።

ወደቀ አልኳቸው።

«ተነሳ?»

አልተነሳም፤ ወጌሻው እየሮጠ ነው አልኳቸው። እናቴ ምስሩን አስቀምጣ በዓይኗ ተቆጣችኝ። እሳቸው ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ፊታቸውን ግን ወደ ቴሌቪዥኑ አላዞሩም።

«እሺ፣ ሲነሳ ትነግሪኛለሽ» አሉኝ።

ሲነሳ ነገርኳቸው።