የጨፌዋ እንቁራሪትና ቁራ

ቁራ አልወድም። ሰው «ምን አደረገሽ?» ይለኛል። ምንም። ብቻ እሱ የትም ይኖራል፤ ሥጋ ቤት ደጃፍ፣ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ የተበተነ ገበያ መሃል። የእኛ ጨፌ እንቁራሪት ግን ከዚያ ረግረግ ብትወጣ የምትገባበት አልነበራትም። አውራ ጣት የምታክል፣ ጀርባዋ ላይ አረንጓዴ መስመር የወረደባት ነበረች። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ እኛ ሴቶች ልጆች እንግጫ ልንነቅል ስንገባ እግራችን ሥር እየዘለለች ታስጮኸን ነበር።

ጨፌው ከይጁቤ ወጣ ብሎ፣ ከቤታችን በታች ነው። አባቴ ሲሞት ለእናቴ የቀራት ደህና ነገር እሱ ነበር። በበጋ አገሩ ሁሉ ደርቆ የእኛ ላም ለምለም ሣር ትግጣለች፤ የምንኖረውም በእሷ ወተትና ቅቤ ነበር።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ጨፌው ዳር ባሕር ዛፍ ሊተክል ተነሣ። ደብረ ማርቆስ ቤት ሠሪው በዝቶ አጣና ይፈለግ ነበር። እናቴ ሽማግሌ ሰበሰበች። ጋቢያቸውን ጭቃ እንዳይነካው ሰብስበው ከዳር ቆመው አዩ። አንደኛው አዛውንት፣ «ልጄ፣ እንቁራሪት ከሚጮኽበት ዛፍ ቢበቅልበት ምን ትጎጃለሽ?» አሏት።

«አባቴ፣ ለእርስዎ የሚታይዎት እንቁራሪቷ ናት። ለእኔ የሚታየኝ የላሜ ሣር ነው። ይኼ ዛፍ ውኃውን ምጥጥ አድርጎ ይጠጣዋል፤ ያን ጊዜ ምን ልሁን?»

ሳቁባት። ለአጎቴም ፈረዱለት።

ዛፉ ባደገ ቁጥር ጨፌው ጭቃ ሆነ፣ ከዚያ ተሰነጠቀ። በመጨረሻው በጋ ቁራዎች ወርደው እንቁራሪቶቹን ከስንጥቁ እየመዘዙ ሲበሉ በድንጋይ አባረርኳቸው። ባሕር ዛፉ ላይ ወጥተው ጠበቁኝ። ክንዴ እስኪዝል ወረወርኩ። የተናደድኩት ግን በእነሱ አልነበረም፤ ድንጋዬ በማይደርስባቸው ሽማግሌዎች ነበር።

ላሟ ተሸጠች። እናቴም ደብረ ማርቆስ ገብታ ሰው ቤት ጠላ ስትጠምቅ ኖረች። ያችን እንቁራሪት በየምንጩ ዳር ፈልጌያታለሁ፤ አላገኘኋትም። ቁራ ግን ሳልፈልገው ደጃችን ድረስ ይመጣል።

እናቴ ስትሞት አገሯ ወስደን ቀበርናት። ለተዝካሯ አጎቴ የዳስ አጣና አሸክሞ ላከ፤ ከዚያው ከጨፌው ዳር የተቆረጠ ነው። እንግዳው ዳሱ ሥር ተቀምጦ እየበላ፣ «ለወንድሙ ሚስት እንዲህ የሚሆን ማን አለ? ዕድሜ ይስጠው!» እያለ መረቀው። እኔ ወጥ አቀርብ ነበር። አንዷ ቀና ብላ፣ «አንቺስ አሜን አትይም?» አለችኝ።

አሜን አልኩ።