ስልሳ ካርድና የማያርፍ ከንፈር

ክለቡን ባገኘሁበት ቀን የሄድሁት ለካርድ አልነበረም፤ ለፎቶ ኮፒ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፣ ድጓ ያስተምራሉ። ለተማሪዎቻቸው የሚሆን አንድ ገጽ አባዝቼ እንዳመጣ ላኩኝ። ከባጃጅ ማቆሚያው በላይ ያለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስደርስ መብራት ጠፋ። ባለሱቁ «ተቀመጪ፣ ይመጣል» አለኝ። መብራቱ ሁለት ሰዓት ቆየ። እኔ ሦስት ዓመት ቆየሁ።

ከሱቁ ኋላ ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል አለ። አራት ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ተቀምጠው ባለ ሥዕል ካርድ ይጥላሉ። በየፊታቸው የባቄላ ክምር አለ። ቁርስ መስሎኝ አንዷን ፍሬ አንስቼ ወደ አፌ ሳደርግ አንድ ልጅ እጄን ያዘኝ።

«ኧረ ነፍሴን ልትበያት ነው!»

ለካ እያንዳንዱ ተጫዋች በሃያ ባቄላ ይጀምራል፤ በተመታ ቁጥር ይነሣበታል፤ ባቄላው ያለቀበት ተሸነፈ። እጄን የያዘኝ ልጅ ብሩክ ነው። ከዚህ በታች ብዙ ጊዜ ይመጣል።

ዘንድሮ ለገባችሁ ለማጆች ነውና የምጽፈው፣ ከሥሩ ልጀምር። ጨዋታው የሁለት ሰው ነው። እያንዳንዱ ስልሳ ካርድ ያለበት ጥቅል ይዞ ይመጣል። ስልሳውን የሚመርጠው ራሱ ነው፤ የሌለውን ካርድ ከሌላው ይለዋወጣል። በየተራው አንድ ካርድ ያነሣል፣ ያጠቃል ወይም ይከላከላል። የካርዱ ሥራ እካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ካርዶቹን ከውጭ አገር የሚልክልን የጋሽ ሀብታሙ ወንድም ነው። ጋሽ ሀብታሙ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል፤ ክለቡን ያቋቋመው፣ የሚያሠለጥነውም የሚዳኘውም እሱ ነው።

ማዕረጉ ሦስት ነው። ለማጅ ከክለቡ ጥቅል ተውሶ ይጫወታል። ተጫዋች የራሱ ስልሳ አለው። ተወካይ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጳጉሜ ላይ፣ ባሕር ዳር ለሚደረገው ውድድር ክለቡን ወክሎ የሚሄድ ነው። ተወካዮች አራት ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያ ልውውጤን ስናገር አሁንም አፍራለሁ። «ግንብ» የሚባል ካርድ ደርሶኝ ነበር። ማንም ሲያጠቃችሁ ግንቡን ከእጃችሁ ብትጥሉ ጥቃቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። እኔ ግን ሥዕሉ የድንጋይ ክምር ሆነብኝና ለብሩክ ሰጥቼ በምትኩ የሚያብለጨልጭ ዓሣ ወሰድሁ።

ጋሽ ሀብታሙ አየኝ። «ዓሣው ምን ይሠራል?»

«ያብለጨልጫል።»

«ጥሩ ነው። ሲመቱሽ ታበሪባቸዋለሽ።»

ግንቡን ለማስመለስ አራት ወር ፈጀብኝ፤ ዓሣውንና ሌላ አምስት ካርድ ከፈልሁ። ከዚያ በኋላ ሳላነብ ተለዋውጬ አላውቅም።

ልምምዳችን ሥርዓት አለው። እጅ ታጥቦ ይገባል። ካርዱ በላስቲክ ተሸፍኖ ነው የሚበወዘው። ሐምሌ ላይ ጉሙ እስከ በሩ ሲመጣ ጣት ይደነዝዛል፣ ካርድ ይበተናል፤ ስለዚህ ከመበወዝ በፊት እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን እስኪሞቅ እንቆጥራለን። ጨዋታ ሲያልቅ ደብተር ይከፈታል። ከማን ጋር እንደተጫወታችሁ፣ ማን እንደጀመረ፣ ማን እንዳሸነፈና ለምን እንዳሸነፈ ይጻፋል። «ለምን» በሚለው ሥር «ዕድል» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ጋሽ ሀብታሙ ካገኘው ይሰርዘዋል።

እንግሊዝኛው መጀመሪያ ከበደኝ። የተማርሁት በማውቀው መንገድ ነው። እኛ ቤት ተማሪዎች ከነግህ ጀምሮ ግቢው ውስጥ ቀለም ሲደግሙ ነው ያደግሁት፤ ነገር በአፍ ተደጋግሞ ነው የሚያዘው። እኔም ካርዶቹን አንድ በአንድ ደብተር ላይ ገልብጬ፣ ከቤታችን እስከ ጋፋት መንገድ ድረስ ወዲያ ወዲህ እያልሁ ጮኼ ደገምኋቸው። እናቴ ለጎረቤቷ «ይቺ ልጅ በእንግሊዝኛ ልትቀድስልን ነው» አለቻት። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የክለቡን ካርድ ሁሉ ሳላይ እለው ነበር። ይህን ሌላ ማንም አይችልም፤ ብሩክም ጭምር።

ብሩክ ግን ያሸንፈኛል። ሌሎቹን እረታለሁ፣ እሱ ጋ ስደርስ እሸነፋለሁ። ጥቅሉ ይሆናል ብዬ ጥቅል ተለዋወጥን፤ በእኔ ጥቅል አሸነፈኝ። ቦታ ቀየርሁ፣ መስኮቱን ከኋላዬ አደረግሁ፤ አሸነፈኝ። ስድስት ካርድ አውጥቼ ሌላ ስድስት አስገባሁ፤ እሱንም አሸነፈው። ደብተሬ ላይ «ግንቡን ስይዝ አያጠቃም፤ ሳልይዝ ያጠቃል። ዕድለኛ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ጋሽ ሀብታሙ የመጨረሻዋን ቃል ሰርዞ ከጎኗ የጥያቄ ምልክት አስቀመጠ። እኔ ግን ምልክቱን አይቼ ገጹን ገለበጥሁት።

የሦስተኛው ዓመቴ ክረምት ለእኔ የመጨረሻ ነበር ማለት ይቻላል። በሚቀጥለው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እገባለሁ፤ የአገር አቀፍ ፈተና ባለበት ዓመት ባሕር ዳር ብሎ ነገር እንደሌለ አባባ አስቀድመው ነግረውኛል። ከአራቱ የተወካይነት ቦታ ሦስቱ ተይዟል። ለቀረችው አንድ ቦታ የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሳምንቱ እኔና ብሩክ እንድንጋጠም ተወሰነ። ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ ይሄዳል።

ብመረጥም እንኳ የአባባ ፈቃድ ያስፈልጋል።

«ካርታ ነው?» አሉኝ።

«ካርታ አይደለም፣ አባባ።»

«ይቆመርበታል?»

«የለም። ባቄላ ነው የምንቆጥር።»

«ታዲያ ያሸነፈ ምን ያገኛል?»

«አሸነፈ ይባላል።»

«እንዲህስ ከሆነ መጥቼ ልየው» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ሁሉም ተነሥቶ ቆመ። ጋሽ ሀብታሙ ወንበሩን ለቀቀላቸው። እኔና ብሩክ ሦስት ጨዋታ ተጫወትን፤ ሦስቱንም ተሸነፍሁ። ሲወጡ ጋሽ ሀብታሙን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ነውር የለበትም» ብቻ አሉት።

ዳገቱን ስንወርድ ከኋላቸው ሄድሁ። አፍሬያለሁ።

«ያ ልጅ ካርዱን አያይም» አሉ ድንገት።

«ምን አሉኝ?»

«አንቺ አዲስ ካርድ ስታነሺ እሱ ቀና ይላል። የሚያየው ከንፈርሽን ነው። ታነበንቢያለሽ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ። የተጻፈውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትደግሚዋለሽ። እኔ ቋንቋውን አላውቀውም፤ አፍ ግን አውቃለሁ። የትኛው ተማሪ ቀለሙን እንደያዘ፣ የትኛው እንደሚያስመስል ከከንፈሩ ነው የምለየው። ዕድሜዬን ያየሁት እሱን ነው።»

መንገዱ ላይ ቆምሁ። የደብተሬ ገጾች ሁሉ ባንድ ጊዜ ገቡኝ። ግንቡን ስይዝ አያጠቃም፤ ሳልይዝ ያጠቃል። ለካ እኔው ራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ!

ሰኞ ዕለት ብሩክን በሩ ላይ ጠበቅሁት።

«ከንፈሬን ታያለህ አይደል?»

አልካደም። «አንደኛውን ዓመት በሙሉ ድምፅም ነበረው» አለኝ። «አሁን ቀንሰሽብኝ እየተቸገርሁ ነው።»

«አታፍርም?»

«አንቺ ማስታወቂያ ለጥፈሽ እኔ ዓይኔን ልጨፍን?»

ጋሽ ሀብታሙ ዘንድ ከሰስሁት። ክሴን ሰምቶ «ካርድሽን ሰርቆ አላየም፤ አንቺ ነግረሽው ሰማ። የተጣሰ ሕግ የለም» ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ትክክል ነው። ያን ቀን ግን ምሳዬን አልበላሁም።

መድኃኒቱን መፈለግ ያዝሁ። መጀመሪያ ውኃ ጎርሼ መጫወት ጀመርሁ። ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ብሩክ የሚያብለጨልጨውን ዓሣ አውጥቶ በከባድ ድምፅ «ተንበርከኪ!» ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ፤ ውኃው ጠረጴዛውን ሁሉ አጠበው። ላስቲክ ባይኖር ካርዶቹ ሄደው ነበር። ከዚያ ፍልሰታ ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ውኃው ቀረና መፋቂያ ነከስሁ። መፋቂያው ከንፈሬን ደኅና አድርጎ ያዘልኝ፤ ጋሽ ሀብታሙ ግን «ባሕር ዳር ያሉት ዳኞች ያስተፉሻል። እዚያ የማይፈቀደውን እዚህ አትልመጂው» አለኝ።

ያን ቀን አባባን «ባልደግመው ይሻል ይሆን? ልርሳው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ተቆጡ። «የተያዘ ቀለም ይጣላል? አፍሽ ላይ ነው ያለው፤ ወደ ውስጥ አስገቢው።»

ከዚያ ጀምሮ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። እኔ ካርድ አነሣለሁ፣ አነባለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ከንፈሬ ከተንቀሳቀሰ በመቋሚያቸው መሬቱን ይመታሉ። የመጀመሪያው ቀን ግቢው አናጢ የገባበት መሰለ። ተማሪዎቻቸው አጮልቀው እያዩ ይሳሳቁብኛል። በቡሄ ሰሞን የሰፈሩ ጅራፍ ሲጮህ እንኳ የአባባን ምት ለይቼ እሰማ ነበር። ቀስ በቀስ ምቱ ቀነሰ። አንድ ቀን ጥቅሉን በሙሉ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ሳይመቱ ጨረስሁ። አባባ አላመሰገኑኝም። አንዱን ካርድ አንሥተው «ይኸ ዘንዶስ ምን ይሠራል?» አሉኝ። እኔ ለእሳቸው ሳስተምር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

የግጥሚያው ቀን ደረሰ። ከንፈሬ እንደተገጠመ ተቀመጥሁ። ብሩክ በየተራው ቀና ይላል፤ የሚያገኘው ነገር የለም። ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ቶሎ አሸነፍሁት።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ብሩክ ግን ተጫዋች ነው፤ ከንፈሬን መጠበቅ ትቶ የጣልኋቸውን ካርዶች መቁጠር ጀመረ። ሁለተኛውን እሱ ወሰደ።

ሦስተኛው ረዘመ። ብሩክ ሦስት ባቄላ ቀረው፣ እኔ ሁለት። ተራው የእሱ ነው። ሁሉንም ይዞ ካጠቃኝ አለቀልኝ። የሚያድነኝ ግንቡ ብቻ ነው። ግንቡ ደግሞ እጄ ላይ አልነበረም፤ የያዝኋቸው ሁለት ካርዶች ለምንም የማይሆኑ ነበሩ። ብሩክ ግን ግንቡ ካሁን በፊት እንዳልወረደ ቆጥሮ ያውቃል። ብይዘውና ቢያጠቃኝ ሦስቱም ባቄላው ይሄዳል።

ከንፈሬን አየ። ረጅም ጊዜ አየ።

«ይዘሻል?» አለኝ።

«ተጫወት።»

«በማርያም፣ ይዘሻል?»

«ጋሽ ሀብታሙ፣ በማርያም ማለት ይፈቀዳል?» አልሁ።

«አይፈቀድም። ተጫወት፣ ብሩክ።»

ካርዶቹን ነካ ነካ አደረገና እጁን ሰበሰበ። «አላጠቃም። ተራሽ።»

ካርድ አነሣሁ። ዘንዶው መጣ። በተነሣበት ተራ የሚያጠቃ፣ የሚመታውም ሦስት ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ብሩክ የቀሩትን ሦስት ባቄላዎች አንድ በአንድ ወደ እኔ ገፋቸው።

«ግንቡን ይዘሽ ነበር?»

ማሳየት ግዴታ የለብኝም። ሁለቱን ካርዶች ግን ገልብጬ አሳየሁት።

«ወይኔ ብሩክ!» ብሎ ግንባሩን መታ። ወጥቶ ሄደ።

በማግሥቱ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ከሁሉም ቀድሞ መጣ። «ሌላም አለብሽ» አለኝ። «ጥሩ ካርድ ሲመጣልሽ ነጠላሽን ታስተካክያለሽ። ከንፈርሽ ይበቃኝ ስለነበር አልተጠቀምሁበትም። ባሕር ዳር ያለ ሰው ግን ያየዋል።» እስከ ጳጉሜ ድረስ በየቀኑ አለማመደኝ። ያለ ነጠላ ገብቼ ተጫወትሁ።

ባሕር ዳር አምስት ዙር ተጫወትሁ፤ ሦስት አሸነፍሁ፣ ሁለት ተሸነፍሁ። አንዱ ሽንፈት የራሴ የቁጥር ስሕተት ነው፤ ሌላው ልጅቷ በልጣኝ ነው። «ለምን» ሥር እንደዚያው ጻፍሁት። ጋሽ ሀብታሙ አይቶ ምንም አልሰረዘም።

ከሦስት ዓመት ሥራ የማስተላልፍላችሁ ይህን ነው። ልምምድ ስትቀመጡ ጨዋታውን የማያውቅ አንድ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ። ካርዱን ማንበብ ስለማይችል እናንተን ያያል።