ጥርሴ ሳይጠነክር መብራት ሄደ

ቡሬ አስተማሪ ሳለሁ ጥርሴን ላስተካክል ተነሣሁ። አዲስ አበባ የተሠራልኝ፣ እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ የፕላስቲክ ሽፋን ነበር፤ ጥርሴ ላይ ይጠለቃል፣ ለምግብ ብቻ ይወልቃል። እናቴ ባየችው ቁጥር «ይኸን ላስቲክ ዛሬም አልተፋሽውም?» ትለኛለች።

አንዱ የመንጋጋ ጥርሴ ግን ቀድሞ ሩት ካናል የተሠራለት፣ ነርቩ የወጣ ነበር። እንዳትቆረጥሚበት ተብያለሁ። እኔ መች ልሰማ! የሽምብራ ቆሎ ዘግኜ ስቆረጥም ቀጭ አለና ግማሹ ምላሴ ላይ ወደቀ። ክው አልኩ። አዲስ አበባ ያለችው ሐኪሜ በስልክ «እንዳታስነቅዪው!» አለችኝ። «እሱ ከወጣ ሌሎቹ ወደ ክፍተቱ ይጋደላሉ፤ ልፋትሽ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ክራውን የሚባለውን የጥርስ ቆብ የምናለብሰው ጥርሶችሽ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ ነው፤ ለጊዜው በድሮ ቅርጹ ይሞላ።»

እናቴ የጥርስ ክሊኒክ ወዳለበት ፍኖተ ሰላም ድረስ ተከትላኝ መጣች፤ ልታስነቅለኝ። ሚኒባሱ ውስጥ፣ ባጃጁ ውስጥ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ያው አንድ ቃል ነው፦ «አስነቅለሽ ተገላገዪ።» ደሜ ፈላ።

የክሊኒኩ ሐኪም ከሐኪሜ ጋር በስልክ ተነጋገረና ሽፋኑን አገላብጦ አየው። የጥርሱ የድሮ ቅርጽ እዚያ ላይ አለ አይደል! የተሰበረው ጥርስ በሚገባበት ጎድጓዳ ለስላሳውን መሙያ ጠቅጥቆ ጥርሴ ላይ አጠለቀው። መሙያውን የሚያጠነክረው ሰማያዊ መብራት ነው። መብራቱን አፌ ውስጥ አስገብቶ ሊያበራው ሲል፣ ድርግም! የከተማው መብራት ሄደ።

«እንዳትነቃነቂ! እንዳትናገሪ!» አለኝ መብራቱን ከአፌ እያወጣ። «መሙያው ገና አልጠነከረም፤ የቀረው ጥርስም ስስ ነው፤ አሁን ከተበላሸ እንደገና ሞርጄ አልሞላውም፤ መነቀሉ ነው።» ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። አፌን ገጥሜ ተቀመጥኩ። ምራቄን መዋጥ ራሱ አስፈራኝ።

በዚህ መሀል የንስሐ አባታችን ጥርሳቸውን አሟቸው ገቡ። ጉድ ፈላ! ክፍሉ ጨልሞ በሩ ተከፍቷልና አዩኝ። «እንደምን ዋልሽ ልጄ? ደኅና ነሽ? ባልሽ ደኅና ነው?» አንገቴን ሰበር አደረግሁ። «ምነው? ተቀየምሽኝ እንዴ?» አሉ፣ ፊታቸው ቅጭም ብሎ። የንስሐ አባት ሰላምታ ሳይመለስ! ኧረ ምድር በዋጠችኝ! ከንፈሬ ሳላዝዘው ሊከፈት ሆነ።

«እንዳትተነፍሺ!» የእናቴ ድምፅ ነው። አገጬን በመዳፏ ደግፋ ያዘችና ወደሳቸው ዞረች፦ «አባ፣ ይፍቱኝ፤ አትመልስም። ጥርሷን እያተረፍንላት ነው።» ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። መብራት እስኪመጣ እጇን አላነሣችም፤ የቀረውን ሰላምታ ሁሉ እሷው መለሰችልኝ።

መብራቱ መጣ። ሐኪሙ አበራበትና ሽፋኑን ቀስ ብሎ አወለቀ፤ ጥርሱን በመሣሪያው ጫን ጫን አደረገው። «ያዘ» አለ። እንባዬ መጣ።

እናቴ ጎንበስ ብላ አፌን አየች፤ ደጋግማ አየች። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ቀና ብላ፣ በቀስታ «የኔም ጥርሶች እኮ ሥሮቻቸው ደኅና ነበሩ» አለችው። «ስንቱን ሲነቅሉልኝ፣ ይተርፋል ያለኝ ሰው አልነበረም።»