የቦራ ቀንድ እና የእናቴ መቀነት

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ አህመድ ከሸዋ ሮቢት የአንድ ብረት ፎቶ በስልኬ ላከልኝ። ከብት ማድለብ ሊጀምር ነው። «አክስቴ፣ ከብቱን ለክትባትና ለሕክምና የማቆምበት ይኼን ልግዛ?» ይላል። እኔ ፎቶውን አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ይህን ብረት ባላውቀውም የብረቱን አያት አውቀዋለሁ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ግንባሩ ነጭ፣ ቀንዱ ወደ ጎን ተንሰራፍቶ ወደ ላይ የሚታጠፍ ቦራ የሚባል በሬ ነበረን። አባቴ በጥጃነቱ ከአፋር ነጋዴ ገዝቶት፣ እኔ በእጄ እያበላሁ አሳድጌዋለሁ። ክረምት ሊገባ ሲል ሰኮናው መሃል እሾህ ገብቶ እግሩ አበጠ። በእኛ አገር ልማድ በሬ የሚታከመው በጠፍር ጠልፈው ከጣሉት በኋላ ነው። አባቴ ከጎረቤቶቹ ጋር ሊጥለው ሲታገል ቦራ ጎትቶ መሬት ላይ ፈጠፈጠውና ክንዱ ተሰበረ። የእንስሳት ሐኪሙ በሰፈራችን የሚያልፈው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው፤ እሱም በሬው በደንብ ካልተያዘ አልጠጋም አለ። ለሚቀጥለው ማክሰኞ የሚያዝበት ካላዘጋጀን ቦራ ለሥጋ ቤት ሊሸጥ ተወሰነ። እኔ እህል አልወርድ አለኝ።

አባቴ ክንዱን አንገቱ ላይ አስሮ የከብት ማቆሚያ ሊያይ ከተማ ወደ ብየዳ ቤት ሲሄድ ተከተልኩት። ከመውጣቴ በፊት ግን በእናቴ መቀነት የቦራን ቀንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቼ ቋጠሮ አሰርኩበት። ቦራ ጠላቱ ጠፍር እንጂ እኔ አልነበርኩም፤ እጄን እየላሰ ቆመልኝ።

በያጁ ለደብረ ሲና የወተት ላሞች የሚሠራውን የብረት ማቆሚያ አሳየን። አባቴ በደህና እጁ መታ መታ አድርጎ ወደደው። እኔ መቀነቱን ጭንቅላት በሚገባበት በኩል ዘረጋሁት። በግራም በቀኝም ከስንዝር በላይ ተረፈ።

«አባባ፣ ቀንዱ አያልፍም» አልኩት።

«ቀንዱን ያስቆርጡታ፣ ጋሼ» አለ በያጁ።

አባቴ ትክ ብሎ አየው። «የቦራን ቀንድ? ወላሂ፣ ሌላውን ክንዴን ይስበረው።»

በዚያ ሐሩር ወደ ቤት ስንመለስ «በይ እንግዲህ አንቺው ምረጪ» አለኝ።

እንጨት መረጥኩ። ከደብረ ሲና በመኪና ከሚወርደው ባሕር ዛፍ ገዝተን ሁለት ረድፍ ቋሚ ተከልን። ቀንዱ ከላይ እንዲያልፍ አግዳሚዎቹን ዝቅ አደረግን። ከፊት ያሉት ሁለት እንጨቶች አንገቱን የሚይዙ ናቸው፤ አንዱን ከታች በቡሎን አስረን ከላይ እንዲከፈትና እንዲዘጋ አደረግነው። ጎረቤቶቻችን ለበሬ አልጋ የምትሠራ ልጅ አየን እያሉ ሲስቁብኝ ሰነበቱ።

ማክሰኞ ሐኪሙ መጣ። የሸንኮራ አገዳ ጫፍ ይዤ ከፊት ከፊት ሄድኩ፤ ቦራ እያነከሰ ተከተለኝ። ቀንዱ ከአግዳሚው በላይ አለፈ። አባቴ በአንድ እጁ እንጨቱን ገፍቶ አንገቱ ላይ ዘጋው። ቦራ አንዴ ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርግ እንጨቱ ሲጥ አለ፤ ልቤም አብሮ። ግን ያዘ። ሐኪሙ እግሩን ከኋላው ቋሚ ጋር አስሮ ጣት የሚያህል እሾህ መዘዘ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ ሳቁት ሰዎች ዞረና «ቀጥሎ የማን በሬ ነው?» አላቸው።

የዚያን ቀን ደጃችን በከብት ተሞላ። እኔ የማሾ ንፍሮዬን እየቃምኩ በሬ አስገባለሁ፣ በሬ አስወጣለሁ። ዝናቡ ሲጥል ቦራ እርሻ ገባ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፣ እንደዚያ ማክሰኞ ግን ኮርቼ አላውቅም።

ለአህመድ ደወልኩለት። «ብረትም ሆነ እንጨት ያንተ ምርጫ ነው፤ መጀመሪያ ግን ከብቶችህን ለካ» አልኩት።

«በምን ልለካ?» አለኝ።

መቀነቱን ከሳጥን አውጥቼ ላኩለት። ቋጠሮውን አልፈታሁትም።