አቡጀዲ የለበሰው ታንኳ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሰላም የሦስት መኪና ፎቶ በስልኬ ላከችልኝ። አንዱ ሚኒባስ፣ አንዱ ፒካፕ፣ አንዱ የሚያብለጨልጭ ላንድክሩዘር። ከሥሩ «እማዬ፣ ከጓደኞቼ ጋር ዓባይ ላይ በታንኳ ልንሄድ ነው። ታንኳውን ጭኖ ከወንዙ ላይኛው በኩል የሚያወርደን፣ ዞሮ ደግሞ ታች የሚጠብቀን የትኛው ይሻላል?» ብላለች። ደብረ ማርቆስ፣ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በሽንኩርቱ እንዳላመካኝ ገና መክተፍ አልጀመርኩም።

ልጄ አታውቅም እንጂ እናቷ በዚህ ጉዳይ የሚናቅ ሰው አይደለችም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ኮረዳ ሳለሁ፣ እዚሁ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። በኅዳር፣ ጤፉ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት ፈረንጆች አንድ ረዥም ቀይ ታንኳ አስጭነው መጡ። የዓባይ ውሃ ከቋጥኝ ቋጥኝ እየተላተመ በሚፈላበት ቦታ ሊቀዝፉ ነው። «ለምን?» ስላቸው «ለደስታ» አሉኝ። የሆቴሉ ወጥ ቤት ሴቶች ይህን ስነግራቸው ጉድ ብለው ወገባቸውን ያዙ።

ሚስትየዋ፣ አና፣ ነገሩን በወረቀት ሥላ አስረዳችኝ። መኪናው ከቢቸና ወዲያ ወስዶ ያወርዳቸዋል። እነሱ በውሃ ሲሄዱ መኪናው በደጀን ዞሮ የዓባይ ድልድይ ላይ ይጠብቃቸዋል። መኪናው ከሌለ በረሃ ውስጥ ስንቃቸው አልቆ ይቀራሉ። መኪናውን እንድመርጥላቸው፣ በአስተርጓሚነትም አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። ሳላመነታ እሺ አልኩ። መንገዱ በሉማሜ ያልፋላ! እናቴ የምትኖረው ሉማሜ ነበር።

እናቴ አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት ነበራት። ታላቅ ወንድሜ ሙላት ለውትድርና ተወስዶ ነበር። ጦርነቱ አለቀ፤ የሌላ ሰው ልጆች አንድ ሁለት እያሉ በእግራቸው ገቡ። የኛ ልጅ አልመጣም። አብሮት የነበረ አንድ ልጅ ሲወድቅ አይቼዋለሁ ብሎ ለአጎቴ ነገረው። ዘመዶቻችን «በይ ቁርጥሽን እወቂና አልቅሽለት፣ ነፍሱም ትረፍ» ቢሏት ከቤቷ አስወጣቻቸው። «ሬሳ አሳዩኝና አለቅሳለሁ» ነበር መልሷ። እኔ ጓዳ ገብቼ ሳለቅስ የያዘችኝ ጊዜ ደግሞ «በወንድምሽ ላይ አታሟርቺ!» ብላ ማማሰያ ወርውራብኛለች። ስለዚህ ለሙላት ያለቀሰለት ሰው አልነበረም። በልቶ የማይጠግብ፣ ስቆ የማይጠግብ ልጅ እንዲሁ ጠፍቶ ቀረ፤ እኛም ስሙን ማንሳት ፈራን።

መኪና ፍለጋ ወጣሁ። የመጀመሪያው የአንድ ነጋዴ ላንድክሩዘር ነበር። ሞተሩ ሲነሳ እንኳ አይሰማም። ግን ጣሪያው ላይ ዕቃ የሚታሰርበት ፖርቶ መጋላ የለውም፤ ሹፌሩም ገመድ ቀለሙን እንዳይፍቀው ሠጋ። ቀጥሎ እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና አየሁ። ለታንኳው ሰፊ ነው፤ ታንኳው ቀርቶ ሆቴላችንም ይጫናል። ፍሬኑ ደህና እንደሆነ ስጠይቅ ሹፌሩ «ደህና ነው፣ ብቻ ቀደም ብሎ መርገጥ ነው» አለኝ። የዓባይን ቁልቁለት እያሰብኩ አመስግኜው ሄድኩ።

መጨረሻ ላይ ያየሁት የሹፌሩን የጋሽ ተሰማን ላንድሮቨር ነው። በሩ በገመድ የታሰረ፣ ሲነሳ ሰፈሩን በጭስ የሚያጥን አሮጌ መኪና። ግን ከመሬት ከፍ ያለ ነው፣ ጭቃም ድንጋይም አይመርጥም፣ ፖርቶ መጋላው ከጫፍ ጫፍ ነው። ለሁሉም ያቀረብኩትን ጥያቄ ለእሳቸውም አቀረብኩ፤ «ሰዎቹ ባሉት ቀን ከውሃው ባይወጡስ?» የላንድክሩዘሩ ሹፌር ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፣ የጭነቱ ደግሞ ሌላ ሥራ እይዛለሁ ብለውኝ ነበር። ጋሽ ተሰማ ግን ተቆጡኝ። «እንዴት ያለሽው ነሽ? ሰው ውሃ ላይ ትቼ የት አባቴ እሄዳለሁ?» አሉ። ያን ጊዜ መኪናው ተመረጠ።

በማግስቱ ጠዋት ታንኳውን ጣሪያው ላይ ጫንን። ጋሽ ተሰማ የሰው ዕቃ ጠንቃቃ ናቸው፤ ፀሐይና አቧራ እንዳይነካው ብለው ከሚስታቸው ነጭ አቡጀዲ አምጥተው ግጥም አድርገው ሸፈኑት። ከዚያ ከራስጌ፣ ከወገቡና ከግርጌ በገመድ ጠፈሩት። ፈረንጆቹ እጅ ነሱ። እኔ የዚህ አገር ልጅ፣ ከአዲስ አበባ በመኪና ጣሪያ የሚመጣ ሬሳ ስንቴ ያየሁ፣ ምንም ሳይታየኝ ጋቢና ገብቼ ከጋሽ ተሰማ ጎን ተቀመጥኩ።

መንገዱ ደስ ይል ነበር። ግራና ቀኙ የጤፍ ክምር ነው፣ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ከከተማ እንደወጣን አንድ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ቀጥሎ የመጡት ገበያተኞች ከመንገድ ወጥተው ጎንበስ አሉልን። «ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው እንዲህ የሚያከብሩን?» አሉ ጋሽ ተሰማ ደስ ብሏቸው። እኔም ለፈረንጆቹ ነው ብዬ ነገርኳቸው። ባልየው በመስኮት እጁን ሲያውለበልብ ሰዎቹ በድንጋጤ አማተቡ።

ሉማሜ ስንገባ ገበያ ነው። ሰው ሁሉ ቆመ። አንዲት ሴት ጋቢና ውስጥ አየችኝ፣ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ጮኸች። ጩኸቱ ከመኪናው ቀድሞ ሄደ። እኛ ቤት ስንደርስ ደጃፉ በሚያለቅስ ሰው ተሞልቷል። እማዬ የሞተች መሰለኝ። በሩ የታሰረበትን ገመድ መፍታት ያዝኩ።

እማዬ ግን ከሻይ ቤቷ ወጣች፤ እጇ ላይ የብርጭቆ ማጠቢያ አረፋ አለ። እኔን አየች፣ ጣሪያውን አየች። ጎረቤቶቻችን «ወይኔ ሙላት! ወይኔ ወንድሜ!» ይላሉ። ያኔ ገባኝ።

«እማዬ፣ ታንኳ ነው! የፈረንጆቹ ታንኳ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል?

«ግለጡት» አለች እማዬ።

ጋሽ ተሰማ ጣሪያው ላይ ወጥተው ገመዱን በቢላ በጠሱትና አቡጀዲውን ገፈፉት። ቀይ ታንኳ ፀሐይ ላይ ቦግ አለ። አንድ ጎረምሳ ሳቁ አመለጠውና አፉን ያዘ። ከዚያ ጎረቤታችን «እሰይ! እንኳን ያልሆነ!» ብላ እልል አለች፤ ሰዉም እየተሳሳቀ እንባውን መጥረግ ጀመረ።

እማዬ አልሳቀችም። የመኪናውን በር ተደግፋ ቆየች። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማት «ሬሳው መጣ ስትሉ እፎይ ብዬ ነበር» አለች። «እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጣልኝ ብዬ እፎይ ነበር ያልኩት።» ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሸረጠች። «በሉ፣ ከመጣችሁ አይቀር አትመለሱ። ለልጄ አልቅሱለት።»

አለቀሱለት! ሴቶቹ መኪናውን ከበው ደረት መቱ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ቆሙ። እማዬ «ስኳር ሌባዬ፣ ሻዩ ሳይቀዳ ጣሳዬን የምትልስብኝ» እያለች ጠራችው። እኔ መሬት ላይ ተደፋሁ፤ ማንም አታሟርቺ አላለኝም። አና አጠገቤ ተንበርክካ በእንግሊዝኛ «ማን ነው የሞተው?» ስትለኝ «ወንድሜ» አልኳት። ወንድሜ መሞቱን በየትኛውም ቋንቋ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ባልየው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ልቅሶው እስኪበርድ ከሰዉ ጋር ቆመ።

ወንዙ ይቅርብን አሉ ፈረንጆቹ። እማዬ ግን እንግዳ ከመንገዱ አይቀርም ብላ በማግስቱ እኔንም ጨምራ አባረረችን። ቤቱ በዘመድ ሞልቶላት ነበር። ታንኳውን ሳንሸፍን ሄድን። መንገዱ እስካለቀበት ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በገበሬዎች ትከሻ ወርዶ ውሃው ላይ አረፈ።

እኔና ጋሽ ተሰማ ዞረን ድልድዩ አጠገብ ጠበቅናቸው። ሙቀቱ አይጣል ነው። በሶ እየበጠበጥን፣ ውሃውን እያየን ዋልን። ባሉት ቀን አልመጡም። ጋሽ ተሰማ መሪውን ተደግፈው አደሩ፤ እንሂድ አላሉም። በማግስቱ ከሰዓት ከኩርባው ሥር ቀይ ነገር ብቅ ሲል «መጡ! መጡልሽ!» ብለው እንደ ልጅ ዘለሉ። እኔም ልብሴን ሳልሰበስብ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ለማላውቃቸው ሰዎች ያን ያህል መደሰቴን አሁንም ሳስበው ይገርመኛል። ከሄደበት የሚመለስ ሰው ማየት ናፍቆኝ ነበር።

እማዬ በዓመቱ ለሙላት ተዝካሩን አወጣች። ከዚያ ወዲያ ስሙ ቤታችን ተመለሰ፤ እየሳቅንም እያለቀስንም አነሳነው። እሷም ብዙ ዘመን ኖራ በሰላም አረፈች።

ለሰላም ደወልኩላት። «ፎቶውን ተይው፣ ሹፌሩን ጠይቂ» አልኳት። «ብንዘገይ ምን ታደርጋለህ በይው። እጠብቃለሁ ካለሽ እሱን ያዢ።»

«እሺ እማዬ። ታንኳውንስ እንሸፍነው?»

ይህን ሁሉ የነገርኳት ያኔ ነው። ስጨርስ «እንግዲያው አንሸፍነውም» አለች።

«እንደፈለጋችሁ» አልኳት። «ብቻ ሸፍናችሁት መንገድ ዳር ሰው ባርኔጣውን ካወለቀላችሁ፣ ታንኳ ነው ብላችሁ አትሳቁበት። ቀስ ብላችሁ እለፉ። ሬሳ ያልመጣለት ሰው ይኖራል።»