አባዬ የተዋሰው ዓይን

ትናንት ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር አንድ ሱቅ ውስጥ የአሮጌ ካሜራ ማኅደር ስከፍት የቆዳው ሽታ ገና ሲመታኝ፣ ይህን ሁሉ ሽበት ተሸክሜ በቁሜ አፈርኩ።

በደርግ ጊዜ አባዬ ንፋስ ስልክ ውስጥ ለቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ያነሳ ነበር። ካሜራው ሲሰበርበት ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጠው ጋሽ ደምሴ ይዞኝ ሄደ። ጋሽ ደምሴ መንታ የሚመስሉ ሁለት የሩሲያ ካሜራዎች አወጣ። በመስኮታቸው ሲያዩ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል፤ የሌንሱን ቀለበት አዙረው ሁለቱን ምስሎች አንድ ካላደረጓቸው ፎቶው ይደበዝዛል።

አባዬ መንገድ ላይ፣ «አንድ ሲሆኑ እጄን ጨበጥ አድርገው፤ ቃል እንዳይወጣህ!» ብሎኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

በመጀመሪያው ካሜራ እያየሁ ቀለበቱን ባዞረውም ባዞረው ጋሽ ደምሴ ሁለት እንደሆነ ቀረ። በሁለተኛው ግን ሁለቱ አፍንጫዎቹ ተንሸራተው ገጠሙ። የእኔ አፍ መቼ ያርፋል!

«አባዬ፣ ይኸው አንድ ሆኑ! በዚህኛውስ አይታይህም?»

«ውይ ወንድሜን!» አለ ጋሽ ደምሴ። «ለካ በልጅህ ዓይን ነው የምታነሳን?»

አባዬ ሁለተኛውን ገዝቶ ወጣ። መንገድ ላይ፣ «ዓይን ብፈልግ ምላስ ይዤ መጣሁ» አለ። እኔ ሞኙ ሙገሳ መስሎኝ እየዘለልኩ ቤት ገባሁ። ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ ግን ፎቶ ፈላጊ ከደጃችን ጠፋ።

ትናንት ባለሱቁ፣ «ፋዘር፣ በመስኮቱ ይዩት እንጂ» አለኝ። አየሁ፤ ጭጋግ ብቻ። «ግሩም ነው!» አልኩት። የአባዬ «ቃል እንዳይወጣህ» የገባኝ ተራው የእኔ ሲሆን ነው።